ወፍራም ሁሉ እፍግ አይደለም፦ የባዮዲዝልን ጠባያት በሚመለከቱ የአማርኛ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሒስ

ስለ ሙያ ቃላት አሰያየም በሚደረገው ውይይት ሁለት አስተያየቶች ተደጋግመው ሲሰነዘሩ እንሰማለን። አንደኛው፣ አማርኛ የሳይንስን ጽንሰ ሐሳብ ለመሸከም ስለማይበቃ የውጭውን ቃል እንዳለ መውሰድ ይሻላል የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ከግእዝ ሥር እየተመዘዘ አዲስ ቃል ቢፈጠር ችግሩ ሁሉ ይቃለላል የሚል ነው። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች አንድ የጋራ ጉድለት አለባቸው፤ ይኸውም ስያሜን በነጠላው መመልከታቸው ነው። አንድ ቃል ለብቻው ሲነበብ ያማረና የተስማማ መስሎ ሊታይ ይችላል። ጉድለቱ የሚገለጠው ከጎረቤቱ ቃል ጋር በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲገናኝ፣ በተለይም አንዱ በሌላው ሲባዛ ወይም ሲካፈል ነው።

በ1964 ዓ.ም. የተቋቋመው የአማርኛ አካዳሚና እሱን የተካው የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ለሙያ ቃላት የሠሩት ሥራ ሊዘነጋ የሚገባው አይደለም። በ1989 ዓ.ም. ለኅትመት የበቃው የእንግሊዝኛ–አማርኛ የሳይንስና የቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት እስከ ዛሬ ድረስ ተርጓሚዎች የሚመለከቱት መሠረታዊ መጽሐፍ ነው። ይሁን እንጂ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ የተደረደረ ማንኛውም መዝገበ ቃላት አንድ የተፈጥሮ ችግር አለበት። «ዴንሲቲ» የሚለው ቃል በአንድ ገጽ፣ «ቪስኮሲቲ» የሚለው ደግሞ ከእሱ በብዙ መቶ ገጾች ርቆ ይገኛል። ሁለቱ ጽንሰ ሐሳቦች በአንድ ማሰሮ ዘይት ውስጥ አብረው የሚኖሩ ናቸው፤ በመዝገቡ ውስጥ ግን አይተዋወቁም። ፈላጊውም አንዱን አይቶ ሌላውን ሳያይ መጽሐፉን ይከድናል።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ስያሜዎችን በነጠላ ከመመርመር ይልቅ አንድ ነገር መርጠን፣ ያ ነገር የሚጠይቃቸውን ቃላት ሁሉ ባንድነት ለመፈተን አስበናል። የመረጥነው ነገር ባዮዲዝል ተብሎ ለሚጠራው ነዳጅ የሚያገለግሉትን የቅባት አሲድ ኤስተሮች ነው። የመፈተኛ ቦታችንም ወልድያና በስተደቡቧ ያለው የሐብሩ ወረዳ፣ በተለይም መርሳ ነው። ይህን አካባቢ የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። ወልድያ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር፣ መርሳ ወደ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ ከወልድያ ወደ ምዕራብ በሚወጣው መንገድ ያለችው ጋሸናም ከሁለቱ እጅግ ከፍ ያለች ብርዳም ደጋ ስለሆነች፣ አንድ ጀሪካን ዘይት በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ ብዙ ዓይነት ጠባይ ያሳያል። በሌላ በኩል በስሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል፣ በመርሳ የግብርና ኮሌጅ፣ በወልድያም ዩኒቨርሲቲ ስላለ፣ የገበሬው ቃል፣ የመምህሩ ቃልና የተመራማሪው ቃል በአንድ አካባቢ የሚገናኙበት ቦታ ነው።

1. መፈተኛው ነገር

ከኑግ፣ ከጎመን ዘር፣ ከጉሎ ወይም ከሌላ የቅባት እህል የተጨመቀ ዘይት በኬሚስት ዓይን ሲታይ ራሱ ኤስተር ነው፤ ሦስት የቅባት አሲዶች ከአንድ ግሊሰሪን ጋር የተያያዙበት ውህድ ነው። ይህን ዘይት ሜታኖል ከሚባለው አልኮል ጋር፣ ጥቂት ኮስቲክ ሶዳ ጨምሮ ለብ አድርጎ ሲያማስሉት፣ የቅባት አሲዶቹ ግሊሰሪኑን ለቀው ከሜታኖሉ ጋር ይያያዛሉ። ማማሰሉ ቆሞ ዕቃው ሲቀመጥ ግሊሰሪኑ ይዘቅጣል፤ አዲሱ ኤስተር ከላይ ይጠልላል። ይህ የጠለለው ፈሳሽ ታጥቦና ተጣርቶ በናፍጣ ሞተር ሊነድ የሚችል ነዳጅ ይሆናል።

አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው፣ ከላይ ያለውን ሥራ ስንተርክ አንድም አዲስ ግሥ መፍጠር ያላስፈለገን መሆኑን ነው። ማማሰል፣ መዝቀጥ፣ መጥለል የጠላና የቅቤ ቤት ቃላት ናቸው። ጠላ የምትጠምቅ ሴት አተላው ሲዘቅጥና ጠላው ሲጠልል ለይታ ታውቃለች፤ ቅቤ የምታነጥርም እንዲሁ። በመሆኑም «አማርኛ አይበቃም» የሚለው አስተያየት በሥራው ደረጃ ሲታይ መሠረት የለውም። ችግሩ የሚመጣው ከሥራው ወደ ልክ፣ ማለትም ጠባዩን በቁጥር ወደ መግለጽ ስንሸጋገር ነው።

2. ወፍራም፣ እፍግታ፣ ዝልግልግነት

በተራው አነጋገር አንድ ፈሳሽ «ወፍራም» ወይም «ቀጭን» ይባላል። ወጥ ይወፍራል፤ ጠላ ይቀጥናል። ይህ አነጋገር በማዕድ ቤት አይነቀፍም። ነቀፌታችን «ወፍራም» የሚለው ቃል በሙያ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ጊዜ ለዴንሲቲ፣ ሌላ ጊዜ ለቪስኮሲቲ መግለጫ ሆኖ በሚገባበት ልማድ ላይ ነው። ሁለቱ አንድ እንዳልሆኑ ለማሳየት የጉሎ ዘይት ብቻ ይበቃል። የጉሎ ዘይት በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲለካ የፍሰት እምቢታው ወደ 250 ካሬ ሚሊ ሜትር በሴኮንድ ይደርሳል፤ ውሃ በዚያው ሙቀት ከ1 በታች ነው። እንግዲህ ጉሎ ከውሃ እጅግ «ወፍራም» ነው ማለት ነው። ነገር ግን ጉሎን ውሃ ላይ ብናፈስሰው ይንሳፈፋል፤ የአንድ ሊትር ጉሎ ክብደት 960 ግራም ገደማ፣ የአንድ ሊትር ውሃ ግን 1,000 ግራም ያህል ስለሆነ። በዚህኛው ሚዛን ሲታይ ጉሎ ከውሃ «ቀጭን» ሊባል ነው። አንድ ፈሳሽ ከአንድ ሌላ ፈሳሽ ጋር ሲነጻጸር በአንድ ጊዜ ወፍራምም ቀጭንም ሆኖ የሚገኝበት ቋንቋ ለላቦራቶሪ አይመችም።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። በነዳጅ ደረጃዎች ውስጥ የሚጠቀሰው የቪስኮሲቲ ልክ አብዛኛውን ጊዜ «ኪነማቲክ» የሚባለው ነው። ይህም ዳይናሚክ የሚባለው ቪስኮሲቲ ለዴንሲቲ ሲካፈል የሚገኝ ውጤት ነው። ሁለቱንም «ውፍረት» ብለን ብንጽፍ፣ ተማሪው «ውፍረትን ለውፍረት አካፍል» የሚል ትእዛዝ ይደርሰዋል፤ መልሱም አንድ መሆን አለበት ብሎ ቢያስብ ልንወቅሰው አንችልም። ቃል በነጠላው አይፈተንም ያልነው ስለዚህ ነው።

ከዚህ አንጻር «እፍግታ» የሚለው የትምህርት ቤት ቃል ሊመሰገን ይገባዋል። ሥሩ ታፈገ የሚለው ግሥ ነው፤ ሰው በአውቶቡስ ውስጥ ሲጨናነቅ «ታፍጎ» ይባላል። በአንድ የተወሰነ ይዘት ውስጥ ምን ያህል መጠነ ቁስ እንደ ታፈገ የሚናገር ስለሆነ፣ የጽንሰ ሐሳቡን ትርጉም በውስጡ ይዞታል። የአውሮፓው የባዮዲዝል ደረጃ ቁጥር 14214 የኤስተሩ እፍግታ በ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በአንድ ሜትር ኩብ ከ860 እስከ 900 ኪሎ ግራም እንዲሆን ይጠይቃል። «እፍግታው ከ860 እስከ 900» ብሎ መናገር ማንንም አያሳስትም።

ለቪስኮሲቲ የሚቀርበው «ዝልግልግነት» ግን ክርክር የሚያስነሣ ነው። ዝልግልግ የምንለው የተዘፈዘፈ ተልባን ወይም የእንቁላልን ነጩን ክፍል ነው፤ በቃሉ ውስጥ የመሳሳብና የመንዘልዘል ስሜት አለ። ናፍጣ ወይም ውሃ ዝልግልግነት አለው ማለት ለጆሮ እንግዳ ይሆናል። እኛም ቃሉን በዚህ ምክንያት ለመጣል ቃጥቶን ነበር። ሆኖም የአማርኛን የልክ ስሞች ስንመረምር ሐሳባችንን ለውጠናል። አጭርም እንጨት «ርዝመት» አለው፤ ቀላልም ጭነት «ክብደት» አለው፤ ጥልቀት የሌለው ኩሬም ቢሆን «ጥልቀቱ አንድ ክንድ ነው» ይባላል። ቋንቋው ልክን የሚሰይመው ከሁለቱ ጫፎች በጎላው ነው። በዚህ ሕግ መሠረት የውሃ ዝልግልግነት ትንሽ ነው፣ የጉሎ ዝልግልግነት ብዙ ነው ማለት ነውር የለበትም። ስለዚህ ቃሉ ትርጉሙ «ፈሳሽ ለመፍሰስ የሚያሳየው እምቢታ» ተብሎ በግልጽ ተወስኖ ቢሠራበት እንደግፋለን። የማንደግፈው ከጎኑ «ወይም ውፍረት» የሚል ሐረግ መጨመርን ነው።

ልዩነቱ በተግባር ምን ያህል እንደሚያመዝን አንድ ምሳሌ እንጨምር። አብዛኞቹ የዕፅ ዘይቶች በ40 ዲግሪ ከ30 እስከ 40 ካሬ ሚሊ ሜትር በሴኮንድ ያህል ዝልግልግነት አላቸው፤ ወደ ሜታይል ኤስተር ሲለወጡ ወደ 4 ወይም 5 ይወርዳል። የአውሮፓው ደረጃ ከ3.5 እስከ 5.0፣ የአሜሪካው ከ1.9 እስከ 6.0 ይፈቅዳል። የጉሎ ኤስተር ግን ወደ 14 ያህል ይሆናል፤ ሪሲኖሌይክ የሚባለው የጉሎ የቅባት አሲድ ሌሎቹ የሌላቸውን የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ቅጥያ ስለያዘ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ። እፍግታውም ወደ 920 ስለሚጠጋ ከደረጃው ያልፋል። ስለዚህ የጉሎ ኤስተር ለብቻው በሁለት የተለያዩ ምክንያቶች ይወድቃል። «በጣም ወፍራም ስለሆነ ወደቀ» ብሎ የሚጽፍ ተርጓሚ ከሁለቱ ምክንያቶች የትኛውን እንደ ተናገረ አይታወቅም፤ አንባቢውም መድኀኒቱን ሊያገኝ አይችልም።

3. መጠነ ሙቀት

«መጠነ ሙቀት» ለቴምፕሬቸር ስያሜ ሆኖ በትምህርት ቤት መጻሕፍት ከገባ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ስያሜው የተቀረጸው «መጠነ ቁስ» በሚለው አምሳል ይመስላል። አምሳሉ ግን ያሳስታል። መጠነ ቁስ በእርግጥ የቁስ ብዛት ነው፤ መጠነ ሙቀት ግን የሙቀት ብዛት አይደለም። አንድ ስኒ የፈላ ቡናና አንድ በርሜል የፈላ ውሃ እኩል መጠነ ሙቀት አላቸው፤ በውስጣቸው ያለው የሙቀት ብዛት ግን ጨርሶ አይገናኝም። ቃሉ ቃል በቃል ከተፈታ በርሜሉ የበለጠ መጠነ ሙቀት አለው ወደሚል ስሕተት ይመራል።

ይህ ጉድለት ለረጅም ጊዜ ያልተሰማው የዕለት ንግግርና የአየር ትንበያ ሙቀትን በጁል ስለማይለኩ ነው። የኤስተርን ጠባይ መለካት ስንጀምር ግን ይሰማል። አንድ ኪሎ ግራም ኤስተር በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ ወደ 2 ኪሎ ጁል ገደማ ሙቀት ያስፈልጋል፤ ለውሃ 4.2 ኪሎ ጁል። በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሙቀትና መጠነ ሙቀት ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ የአንዱን ብዛት ለመናገር ስንፈልግ «የሙቀት መጠን» የሚለው ሐረግ በሌላው ተይዞብናል። በዜና «የዛሬው የሙቀት መጠን» ሲባል ዲግሪ ማለት ነውና።

አንዳንዶች «ግለት» የሚለውን ቃል ለቴምፕሬቸር እንስጥ ይላሉ። ሐሳቡ ማራኪ ነው፤ አማርኛም በዚህ ረገድ ድኻ አይደለም። ውሃ በረደ፣ ለብ አለ፣ ሞቀ፣ ፈላ ይባላል፤ ምጣድና ብረት ግን ይግላሉ እንጂ አይፈሉም። ነገር ግን መጋል የጠጣር ነገር ግብር ስለሆነ፣ «የበረዶ ግለት» ወይም «የወተት ግለት» ማለት ከዝልግልግነት ይልቅ ለጆሮ ይከብዳል። ደግሞም በብዙ ትውልድ ተማሪዎች አፍ የገባን ቃል መንቀል ከሚያስገኘው ጥቅም ይልቅ የሚያስከትለው ውዥንብር ይበልጣል። ስለዚህ መጠነ ሙቀት ለቴምፕሬቸር ብቻ እንደ አንድ ቃል ጸንቶ እንዲቆይ፣ በጁል ለሚለካው «የሙቀት ብዛት» እንዲባል፣ «የሙቀት መጠን» የሚለው ሐረግ ግን ከሙያ ጽሑፍ እንዲወጣ እናሳስባለን። ነዳጁ ሲነድ የሚሰጠውም ሙቀት «የነዲድ ሙቀት» ቢባል ከማሞቂያው ሙቀት ይለያል። ይህም ለኤስተር በአንድ ኪሎ ግራም ወደ 37 ወይም 38 ሜጋ ጁል፣ ለናፍጣ ወደ 43 ሜጋ ጁል ነው።

4. ነጥቦቹ፦ መፍላት፣ መደፍረስ፣ መርጋት

ነጥበ ፍሌትና ነጥበ ቅልጠት በግእዝ አናባቢ የተቀረጹ፣ አጭርና ለአፍ የሚመቹ ስያሜዎች ናቸው። በስያሜዎቹ ላይ ነቀፌታ የለንም፤ ነቀፌታችን በፍችዎቹ ላይ ነው። «የውሃ ነጥበ ፍሌት 100 ዲግሪ ነው» ተብሎ ብቻ የሚጻፈው ፍች ለወልድያ ተማሪ እውነት አይደለም። በወልድያ ከፍታ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ፣ በመርሳ በ94 ወይም በ95 ዲግሪ ገደማ ነው። ቴርሞሜትር ይዞ የሚፈትን ተማሪ ወይ መሣሪያውን ወይ መጽሐፉን መጠራጠሩ አይቀርም። ፍቹ «በባሕር ወለል ግፊት» የሚል ሐረግ ቢጨመርበት ተማሪውም መዝገበ ቃላቱም በሰላም ይኖራሉ።

ለቀዝቃዛው ወገን ጠባያት ግን የምናገኘው ሀብት የሚያስደስት ነው። ኤስተር ሲቀዘቅዝ በመጀመሪያ ጥቃቅን የሰም ፍንጣሪዎች ይወጡበትና ጥራቱን ያጣል፤ ይህ የሚጀምርበት መጠነ ሙቀት በእንግሊዝኛ «ክላውድ ፖይንት» ይባላል። ቃል በቃል የተረጎሙት ሰዎች «የደመና ነጥብ» ሲሉ እንሰማለን። ይህ ከሌላ ቋንቋ ልማድ የተገለበጠ ነው፤ በአማርኛ የሚደምነው ሰማይ ነው እንጂ ዘይት አይደለም። ዘይትና ጠላ ይደፈርሳሉ። «የመደፍረስ ነጥብ» ብንል ማስረዳት እንኳ አያስፈልገንም።

ከዚያ በላይ ሲቀዘቅዝ ዕቃው ቢዘነበልም አይፈስም፤ የዚህ ድንበር «ፖር ፖይንት» ይባላል። ለዚህም ገበያው ቀድሞናል። ከውጭ የሚገባው የፓልም ዘይት ከተስፋፋ ወዲህ ሸማቹ «የሚረጋ ዘይት» እና «የማይረጋ ዘይት» ብሎ ይለያል። ውሃ በረዶ ይሆናል፤ ቅቤና ዘይት ይረጋሉ። «የመርጋት ነጥብ» የሚለው ስያሜ ከሸማቹ አፍ የተወሰደ ስለሆነ ከማንኛውም ፈጠራ ይበልጣል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ስያሜውን በነጥበ ፍሌት አምሳል «ነጥበ እርጋታ» ለማድረግ የሚፈልግ ቢኖር፣ እርጋታ በአማርኛ የሰው ጠባይ እንደሆነ ያስታውስ፤ ነዳጁ ጨዋ ሆነ ማለት እንዳይመስል። ወጥ የሆነ የቃል አምሳል መከተል ጥሩ ነው፤ ቃሉ ሲቃወም ግን አምሳሉ ይለቅ።

እነዚህ ሁለት ነጥቦች የቃላት ጨዋታ አይደሉም። ከንጹሕ ኤስተሮች መካከል የፓልሚቲክ አሲድ ሜታይል ኤስተር በ30 ዲግሪ ገደማ፣ የስቴሪክ በ38 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ የኦሌይክ ግን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ገደማ፣ የሊኖሌይክም ከዜሮ በታች 35 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ ፓልሚቲክ ከሚበዛበት ከፓልም ዘይት የተሠራ ባዮዲዝል የመደፍረስ ነጥቡ ከ13 እስከ 16 ዲግሪ ያህል ሲሆን፣ ሊኖሌይክ ከሚበዛበት ከኑግ የተሠራው ከዚያ እጅግ ዝቅ ያለ ነው። አንድ የጭነት መኪና በመርሳ ቀትር የፓልም ኤስተር ሞልቶ፣ ወልድያን አልፎ ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ሽቅብ ወጥቶ ጋሸና ላይ ቢያድር፣ ሌሊቱን የደፈረሰው ነዳጅ ማጣሪያውን ይደፍነዋል፤ መኪናውም በማለዳ አይነሣም። ሹፌሩ ሊያነበው የሚገባው መግለጫ «የደመና ነጥብ 15» የሚል ከሆነ ስለ አየር ጠባይ የተጻፈ ይመስለዋል፤ «በ15 ዲግሪ ይደፈርሳል» የሚል ከሆነ ግን ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል።

5. ቦግታ፣ ናፍጣና ናፍታ

አሁን የቃል ስሕተት የሰው ሕይወት ወደሚነካበት ቦታ ደርሰናል። ነዳጅ እየሞቀ ሲሄድ ከላዩ የሚነሣው ተን ነበልባል ሲቀርብለት ለቅጽበት ነድዶ የሚጠፋበት ዝቅተኛው መጠነ ሙቀት «ፍላሽ ፖይንት» ይባላል። ከዚህ ጥቂት ከፍ ሲል ነዳጁ አንዴ ከተያያዘ መንደዱን ይቀጥላል። እጅግ ከፍ ባለ መጠነ ሙቀት ደግሞ ነበልባል ሳይነካው በራሱ ይነሣል። ሦስቱም በልማድ «የመቀጣጠያ ነጥብ» ተብለው ሲጻፉ እናገኛለን። ይህ ትልቅ ጥፋት ነው። የመጋዘን ጠባቂ «የመቀጣጠያ ነጥቡ 120 ዲግሪ ነው» የሚል ቢያነብ፣ ከየትኛው አደጋ ነው የሚጠነቀቀው?

አማርኛ ለመጀመሪያው የተዘጋጀ ቃል አለው። እሳት ቦግ ብሎ እልም ይላል እንላለን፤ ይህም በትክክል በመሣሪያው ላይ የሚታየው ነገር ነው። ስለዚህ «የቦግታ ነጥብ»፣ ቀጥሎ «የመያያዝ ነጥብ»፣ ከዚያም «በራስ የመነሣት ነጥብ» ብለን ብንለያቸው ሦስቱ አደጋዎች በሦስት ስም ይጠራሉ። የአውሮፓው ደረጃ የባዮዲዝል የቦግታ ነጥብ ከ101 ዲግሪ እንዳያንስ ይጠይቃል። ንጹሕ ኤስተር ይህን በቀላሉ ያልፋል፤ ብዙውን ጊዜ እስከ 170 ዲግሪ ይደርሳል። ነገር ግን በሚገባ ሳይታጠብ ቀርቶ 1 በመቶ ያህል ሜታኖል ቢቀርበት፣ የቦግታ ነጥቡ ከ40 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። በዓይን ሲታይ የተለወጠ ነገር የለም፤ የሚናገረው ልኩና የልኩ ስም ብቻ ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ወጥመድ አለ። ናፍጣ የምንለው ነዳጅ ስሙን ያገኘው ከጣሊያንኛ ነው፤ በአማርኛም ዲዝል ማለት ሆኖ ጸንቷል። በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ውስጥ ያለው «ናፍታ» ግን ከቤንዚን ጋር የሚቀራረብ፣ ቶሎ የሚተንና በተራ የአየር ሙቀት እንኳ ቦግ ሊል የሚችል ፈሳሽ ነው። ድምፁ ስለሚመሳሰል ተርጓሚ ናፍታን «ናፍጣ» ብሎ ቢጽፍ፣ የቦግታ ነጥቡ ከ50 ዲግሪ በላይ ለሆነ ነዳጅ የሚበቃ ጥንቃቄ ለዚህ አደገኛ ፈሳሽ ተሰጠ ማለት ነው። ስለዚህ በማንኛውም የሙያ መዝገብ ሁለቱ ቃላት ጎን ለጎን ተጽፈው «አይምታታ» የሚል ምልክት ሊደረግባቸው ይገባል።

6. ስለ ነገሩ ስም

የመጨረሻው ጥያቄ ስለ ራሱ ስለ ባዮዲዝል ስም ነው። የማዕድንና ኢነርጂ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2007 የባዮፊውል ልማትና አጠቃቀም ስትራቴጂ ካወጣ ወዲህ «ባዮ» የሚለው ቅጥያ በጋዜጣና በሬዲዮ ተለምዷል። በዚያ ዘመን በጉሎና በጃትሮፋ ላይ ከተወጠኑት እርሻዎች ብዙዎቹ አልዘለቁም፤ ቃሉ ግን ቀርቷል። ችግሩ «ባዮ» ምንነትን ሳይሆን ምንጭን ብቻ መናገሩ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 የአውስትራሊያው ቃንታስ አየር መንገድ ከሎስ አንጀለስ ወደ ሜልበርን ባደረገው በረራ 10 በመቶ ከጎመን ዘር ዘይት የተገኘ ነዳጅ ተጠቅሟል። እናቶቻችን ምጣድ የሚያስሱበት ያ ዘር መሆኑ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ያ ነዳጅ ኤስተር አልነበረም፤ ኦክስጅኑ ተወግዶ እንደ ማዕድን ነዳጅ የተሠራ ነበር። ሁለቱንም በአንድ «ባዮ» መጥራት የመርጋት ነጥባቸውም የነዲድ ሙቀታቸውም የተለያየ ነገሮችን ያምታታል።

ስለዚህ ለኤስተሩ «የቅባት ናፍጣ» የሚለውን ስም እናቀርባለን። የቅባት አሲድም «የስብ አሲድ» ከሚባል «የቅባት አሲድ» ቢባል ይሻላል፤ ስብ የሥጋ ነው፤ «የቅባት እህል» የሚለው ስያሜ ግን ገበሬውም ግብርና ሠራተኛውም የሚያውቁት ነው፤ ቅባ ኑግም የዚሁ ቤተሰብ ነው። «ኤስተር» ራሱ እንዳለ ይቆይ፤ ሆኖም ታራሚዎች ሳያስተውሉ «አስቴር» እንዳያደርጉት መጠንቀቅ ያሻል።

ጃትሮፋን በተመለከተ ደግሞ የወሎ ቆላ ሕዝብ፣ በተለይም የባቲ አካባቢ ሰው፣ አጥር የሚያጥርበትን ይህን ተክል «አይደርቄ» ይለዋል። ድርቅን ተቋቁሞ ለምልሞ የሚቆይ ስለሆነ ስሙ ጠባዩን ይናገራል። ሕዝቡ የሰጠው ስም እያለ በሰነድ ሁሉ የላቲኑን ብቻ መጻፍ፣ የተክሉን ጌታ ከንባቡ ማስወጣት ነው። የሐብሩ ገበሬ «ጃትሮፋ» የሚል ወረቀት ቢደርሰው ከሩቅ አገር የሚመጣ ዘር ይመስለዋል፤ «አይደርቄ» ቢባል ግን ስሙን የሚያውቅ ሰው ጠይቆ ይደርስበታል።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የተባለውን በአጭሩ ለመሰብሰብ ያህል፦

እፍግታ፦ በአንድ ይዘት ውስጥ ያለ መጠነ ቁስ።
ዝልግልግነት፦ ፈሳሽ ለመፍሰስ የሚያሳየው እምቢታ።
መጠነ ሙቀት፦ በዲግሪ የሚለካው ብቻ።
የሙቀት ብዛት፦ በጁል የሚለካው።
የነዲድ ሙቀት፦ አንድ ኪሎ ግራም ነዳጅ ነድዶ የሚሰጠው ሙቀት።
የመደፍረስ ነጥብ፦ ዘይት ሲቀዘቅዝ ጥራቱን ማጣት የሚጀምርበት።
የመርጋት ነጥብ፦ ዘይት ዕቃው ቢዘነበልም መፍሰሱን የሚያቆምበት።
የቦግታ ነጥብ፦ ተኑ በነበልባል ለቅጽበት የሚነድበት።
የመያያዝ ነጥብ፦ እሳቱ የሚዘልቅበት።
በራስ የመነሣት ነጥብ፦ ነበልባል ሳይነካው የሚነድበት።
የቅባት ናፍጣ፦ ከቅባት አሲድ ኤስተሮች የተሠራ ነዳጅ።

በዚህ ዝርዝር ውስጥ ያሉትን ስያሜዎች ሁሉ እንዲጸድቁ አንጠይቅም። የምንጠይቀው፣ ወደፊት የሚዘጋጁ የሙያ መዝገቦች ቃላትን በፊደል ተራ ከመደርደራቸው በፊት በቤተሰብ ሰብስበው በአንድ ነገር ላይ እንዲፈትኗቸው ነው። ፈተናውን ያለፈው ቃል ከግእዝም ይምጣ፣ ከገበያም ይምጣ፣ ከጣሊያንም ይምጣ፣ ለእኛ ልዩነት የለውም። ከዝርዝሩ ግማሽ ያህሉ ከማዕድ ቤትና ከገበያ መገኘቱ ግን የት ፈልገን የት እንዳልፈለግን የሚያመለክት ስለሆነ፣ እኛን ጭምር የሚወቅስ ነው። በወልድያ፣ በመርሳም ሆነ በሌላ ቦታ የሚገኙ መምህራንና የግብርና ባለሙያዎች በየአካባቢያቸው የሚያውቋቸውን የዘይት፣ የቅቤና የእሳት ቃላት እንዲልኩልን፣ ያቀረብነውንም እንዲነቅፉ በአክብሮት እንጠይቃለን።